ከዳይሬክተሩ በታች ያሉት ወንበሮች፦ ምክትል፣ ዩኒት ሊደር ወይስ ዲፓርትመንት ሄድ?

ሰኔ አልፎ ክረምቱ ሲገባ ጎንደር ውስጥ ሁለት መምህራን ከተገናኙ ወሬው ምደባ ነው። ጃን ተከል ዋርካው ጋ ቡና እየጠጡም ይሁን ከማራኪ ፒያሳ በባጃጅ እየሄዱ "እገሌ ምክትል ሆነ አሉ"፣ "እገሊትን ከዩኒት ሊደርነት አነሷት"፣ "ለዲፓርትመንቱ ማንን ልታስቀምጡ ነው?" ይባላል። ማን ተሾመ ማን ወረደ በደንብ ይወራል፣ ስራው ራሱ ምን እንደሆነ ግን ማንም አያወራም።

በተለይ አራት አምስት ዓመት ያስተማሩ ልጆች ኃላፊነት ሲቀርብላቸው ነገሩን እንደ መሰላል ነው የሚያዩት፣ ዲፓርትመንት ሄድ አንድ፣ ዩኒት ሊደር ሁለት፣ ምክትል ሦስት፣ ከዛ ዳይሬክተር፣ አለቀ። እኔ በሦስቱም አልፌአለሁ፣ አሁንም ምክትል ነኝ፣ እና ሦስቱ ሦስት የተለያየ ሰው የሚፈልጉ ስራዎች ናቸው። አንዱ ላይ ጎበዝ የሆነ ሌላው ላይ ሲቀመጥ ግራ ሲገባው ብዙ አይቻለሁ። እኔ ሳወዳድራቸው የማየው አንድ ነገር ነው፦ የምትጠየቅበትና የምትወስንበት ምን ያህል ይራራቃሉ? ፊርማህ የት ድረስ ነው የሚሰራው፣ ጣት የሚቀሰርብህ ደግሞ ከየት ጀምሮ ነው? በቃ ይሄው ነው። (የማወራው ስለ ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ የአንደኛ ደረጃው ትንሽ ይለያል፣ እዛ አንዳንዴ ዩኒት ሊደር የሚባል ነገር ራሱ የለም።)

አወቃቀሩን ለማያውቅ ቶሎ ልበልና ልለፍ። ከላይ ዳይሬክተሩ አለ፣ በወረቀት ርዕሰ መምህር ይባላል። ከሱ ስር ምክትሎች አሉ፣ እንደ ተማሪው ብዛት አንድም ሁለትም ከዛም በላይ ይሆናሉ፣ ብዙ ቦታ አንዱ የመማር ማስተማር ሌላው የአስተዳደር ነው። ከዛ ዩኒት ሊደሮች፣ አብዛኛውን ጊዜ በክፍል ደረጃ ወይ በፈረቃ ይከፋፈላሉ። ከዛ ዲፓርትመንት ሄዶች፣ አንድ የትምህርት ዓይነት የሚያስተምሩትን የሚመሩ፣ ከዛ የሆምሩም መምህራን፣ አንድ አንድ ክፍል በኃላፊነት የሚይዙ። ከጎን ደግሞ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) አለ፣ ከውጭ የጉድኝት ትምህርት ቤቶችን የሚከታተለው የክላስተር ሱፐርቫይዘር ይመጣል ይሄዳል። የ1986ቱ የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ አስተዳደሩ ወደ ታች ይውረድ ካለ ወዲህ፣ በተለይ ከ1994ቱ መመሪያ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ በራሱ ብዙ ነገር እንዲሰራ ነው የሚጠበቀው፣ እና ያ ሁሉ "በራሱ" የሚባለው ስራ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እነዚህ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ደግሞ አለ። የመምህር የደረጃ እድገት ሌላ ነው ሹመት ሌላ ነው። ከጀማሪ መምህር ተነስቶ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ፣ ተባባሪ መሪ እያለ መሪ መምህርና ከዛም በላይ የሚደርሰው መንገድ ከወንበሩ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ በደረጃ የሚበልጥህን፣ ምናልባትም ያስተማረህን ሰው፣ "ጋሼ የዕለት እቅድዎን ያሳዩኝ" ማለት ይመጣል። ይሄ ቀልድ አይደለም። እንደኛ ሰዉ ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ማታ ደግሞ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ።

ዲፓርትመንት ሄድ

ከሁሉም ለትምህርቱ የሚቀርበው ይሄ ነው፣ ከሁሉም የተናቀውም ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ምርጫው "ማን ይስራ?" ሲባል ሁሉም መሬት መሬት ያይና አዲስ የመጣው ልጅ ላይ ይወድቃል፣ "አንተ ወጣት ነህ ትሮጣለህ" ይባልና ይጨበጨባል። የሚሰራው ግን ትልቅ ነው። ፈተናው ከመባዛቱ በፊት የሚያየው እሱ ነው፣ ምዕራፉ የት ደረሰ የሚለውን የሚከታተለው እሱ ነው፣ ላቦራቶሪው ክፍት ነው ዝግ ነው፣ መጽሐፍ ለስንት ልጅ ደረሰ፣ ሁሉም እሱ ጋ ነው። ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ የሚባለው በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት መሰራት ያለበት ነገርም አለ፣ እሱ በትክክል ከተሰራ ሁለት መምህራን አንድ ከባድ ርዕስ ይዘው እንዴት እናስተምረው ብለው የሚጨቃጨቁበት ነው፣ በትክክል ካልተሰራ ደግሞ ሰኔ ላይ በአንድ ቀን የሚሞላ ፖርትፎሊዮ ነው፣ የትኛው እንደሚሆን ዲፓርትመንት ሄዱ ላይ ነው የሚወሰነው።

በኔ መለኪያ ይሄ ወንበር ሚዛኑ ጥሩ ነው። የሚጠየቅበትም ትንሽ ነው የሚወስንበትም ትንሽ ነው፣ ግን ይመጣጠናሉ። አስቸጋሪዋ ነገር ኢፊሸንሲ ናት፣ የስራ አፈጻጸም ምዘናው ማለት ነው። ትላንት አብሮህ ሻይ የጠጣውን ሰው በዓመት ሁለቴ ነጥብ ትሰጠዋለህ፣ እሱ ነጥብ ደግሞ ለደረጃ እድገቱ ይታያል፣ እና እውነቱን ብትሞላ ጠላት ታፈራለህ፣ ለሁሉም አንድ አይነት ከፍ ያለ ብትሞላ የሚሰራው ልጅ "ታዲያ እኔ ለምን እለፋለሁ" ይላል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ነው የሚመርጠው፣ አልፈርድበትም።

ማስተማር የሚወድ ሰው ከጠየቀኝ ግን እዚህ ቁጭ በል ነው የምለው። ክፍለ ጊዜህ ብዙም አይቀንስም፣ ከተማሪ አትርቅም፣ የምታስተካክለው ነገር ደግሞ በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ይታያል።

ዩኒት ሊደር

እዚህ ላይ ቆየት ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ያልገባው ስራ ይሄ ነው።

ጠዋት ከ2፡00 በፊት በር ላይ ነህ። የሰንደቅ ዓላማው መዝሙር ሳይጀመር የገባ ገባ፣ ያልገባው አጥሩ ጋ ይሰለፋል። ዩኒፎርም ያልለበሰ፣ መታወቂያ የረሳ፣ ፀጉሩን ጎን ለጎን ተላጭቶ መሃሉን ያቆመ፣ ከአዘዞ ታክሲ አጥቶ የዘገየ፣ ወይ አጥቻለሁ የሚል፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚያወራው። ማን እውነቱን ነው ማን ዋሸ የሚለውን እዛው ቆመህ ትለያለህ፣ ምክንያቱም ሁሉንም ብትመልስ ግማሹ ቀጥታ ፑል ቤት ነው የሚሄደው፣ ሁሉንም ብታስገባ ነገ የሚሰለፈው እጥፍ ይሆናል።

ዩኒት ሊደር እያለሁ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበር፣ ሁልጊዜ የሚያረፍድ፣ ቢቆጡት የማይመልስ፣ ዝም ብሎ መሬት የሚያይ። ወላጅ አምጣ ተባለ፣ እናቱ መጡ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡና "መምህርዬ እንደው በማርያም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወገቤን ስለሚያመኝ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርቱን አውጥቶ የሚያነጥፍልኝ እሱ ነው፣ ቀድሞ ቢሄድ ማን ያወጣልኛል" አሉኝ። ቅዳሜ ገበያ የገበያው ስም ነው እንጂ ቀኑ አይደለም፣ ልጁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ጆንያ ሲሸከም ነው የሚያነጋው። እና ምን ታደርጋለህ? ደንቡ ደንብ ነው። ከሆምሩም መምህሩ ጋር ተነጋገርን፣ የመጀመሪያዋን ክፍለ ጊዜ እስከተወሰነ ደቂቃ ቢያረፍድ እንዲገባ፣ እሱም የቀረችውን ኖት ከጓደኛው እንዲገለብጥ ተስማማን። ይሄ ስምምነት የትም መዝገብ ላይ አልተጻፈም፣ ምክትሉ የሚያየው የቀሪ ብዛት ብቻ ነበር፣ በቀሪ ብዛት ቢሄድ ልጁ ያን ጊዜ ይባረር ነበር። የዩኒት ሊደር ስራ አብዛኛው እንዲህ ነው፣ ሪፖርት ላይ አይወጣም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ መምህራኑ አሉ። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የክፍል አለቃው ሮጦ ይመጣል፣ "መምህር አልገባም"። ትደውላለህ አያነሳም። ስልሳ ምናምን ልጅ ያለበት ክፍል ያለ መምህር ዐሥር ደቂቃ ከቆየ የሚሆነውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ የራስህን ወረቀት ጥለህ ትገባለህ፣ ትምህርትህ ባይሆንም ትገባለህ፣ እኔ ስንት ቀን የማላውቀውን ኬሚስትሪ "እስቲ ያለፈውን አንብቡ" እያልኩ ቆሜአለሁ። ያልገባው መምህር መቆጣጠሪያው ላይ ይጻፋል፣ ወር ሲሞላ ወደ ምክትሉ ይሄዳል፣ ከምክትሉ ወደ ዳይሬክተሩ፣ ደብዳቤው በዳይሬክተሩ ፊርማ ይወጣል፣ ደሞዝ ሲቆረጥ ግን መምህሩ የሚያኮርፈው ማንን ነው? ዩኒት ሊደሯን። "አንቺ ነሽ የጻፍሽኝ!"

አሁን ሚዛኑን እዩት። የሚጠየቀው ለፀጥታው፣ ለሰዓቱ፣ ለቀሪው፣ ለድብድቡ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ለሚጨሰው ነገር፣ ለሁሉም ነው። የሚወስነው? ወላጅ መጥራት ይችላል፣ መምከር ይችላል። ተማሪ ማገድ የዲሲፕሊን ኮሚቴና የዳይሬክተሩ ነው፣ መምህር ላይ እርምጃ የዳይሬክተሩ ነው፣ ብር የሚባል ነገር በእጁ አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን የሚሰራው እሱ ነው፣ ያልተቃጠለው ደግሞ አይታይማ፣ ማን ያመሰግነዋል። ለዚህ ነው ከሁሉም ከባዱ ይሄ ወንበር ነው የምለው። ግን ደግሞ ትምህርት ቤቱን በሙሉ የሚያውቀው ሰው ፈልጉ ብትሉኝ ዳይሬክተሩ ጋ አልልካችሁም።

ምክትል፣ ማለትም ሁለቱ ምክትሎች

ማዕረጉ አንድ ነው ስራው ግን አይገናኝም። የአስተዳደሩ ምክትል የሚውለው ከጥበቃ፣ ከጽዳት፣ ከንብረት ክፍል፣ ከግዥ ጋር ነው፣ ሞዴል 19 ገባ ሞዴል 22 ወጣ (የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞች ናቸው)፣ የተሰበረ ዴስክ፣ የጠፋ ውሃ፣ ጣሪያ የሚያፈስ ክፍል፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚታጨድ ሳር። ትምህርት ወዳድ ሰው እዚህ ቢመደብ ይደርቃል። በሌላ በኩል ግን የሚወስንበት ነገር በእጁ አለው፣ ዴስክ ይጠገን ካለ ይጠገናል፣ ውጤቱን በዓይኑ ያያል፣ እና ነገር መጨረስ የሚወድ ሰው ሲያገኘው ትምህርት ቤቱ በአንድ ዓመት መልኩ ይቀየራል። ኦዲት ሲመጣ እንቅልፍ ማጣቱ እንዳለ ሆኖ ማለት ነው።

የመማር ማስተማሩ ምክትል ሌላ ዓለም ነው። ዓመቱ የሚጀምረው ጳጉሜን ላይ በፕሮግራም ነው፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል ማለቴ ነው። ድሮ በትልቅ ወረቀትና በእርሳስ፣ አሁን በኮምፒውተር ነው፣ ፕሮግራሙ በሰከንድ ይደለድልልሃል፣ ግን ሶፍትዌሩ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ አያውቅም። አንዷ አራስ ናት፣ ጠዋት የመጀመሪያውን አትችልም። አንዱ ከሰዓት የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ በግልጽ አይናገርም፣ "ጤናዬ አይፈቅድም" ነው የሚለው። አንዱ ዩኒቨርሲቲው ማስተርሱን እየተማረ ነው። ሒሳብ መጨረሻ ክፍለ ጊዜ አይሁን፣ ስፖርት ፀሐይ ላይ አይሁን፣ ዓርብ ደግሞ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስራ ስለሚቆም ያ ቀን ራሱን የቻለ ሂሳብ ነው። ተለጥፎ ቀለሙ ሳይደርቅ ቅሬታው ይጀምራል፣ "ለእገሌ ሲሆን ተቻለ" የሚለው አረፍተ ነገር ከመስከረም እስከ ጥቅምት ጆሮዬ ላይ ነው የሚያድረው።

ከዛ ጥምቀት ይመጣል፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ የተማሪውም የመምህሩም ልብ ፋሲል መዋኛ ነው፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ደግሞ እዛው አካባቢ ነው የሚያርፈው፣ ከበዓሉ በፊት እንጨርስ ካልክ ምዕራፉ አላለቀም፣ በኋላ ካልክ ልጁ ያነበበውን በዘፈን ረስቶታል። ይሄን የሚያስተካክለው ምክትሉ ነው።

ኢንስፔክሽን ሲመጣ በ26 ስታንዳርድ ነው የሚመዝኑት፣ ግብዓት፣ ሂደት፣ ውጤት ተብሎ፣ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4፣ ደረጃ 3 የደረሰ ስታንዳርዱን አሟላ ይባላል። የሂደቱ ማስረጃ በአብዛኛው የሚገኘው ምክትሉ ቢሮ ፋይል ውስጥ ነው። ወረቀት ላይ የሌለ ነገር አልተሰራም፣ ይሄን እወቁት። ክፍል ገብተህ ሃያ ጊዜ መምህር ደግፈህ ቼክሊስቱን ካልሞላህ ዜሮ ነህ፣ አንድ ጊዜ ሳትገባ ቼክሊስት የሞላው ደግሞ... እሱን እንተወው።

የ12ኛ ክፍል ነገር ሲመጣ ሚዛኑ ጨርሶ ይሰበራል። ከ2015 ጀምሮ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ሲጀምሩ በዛ ዓመት ይፋ የሆነው ውጤት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው የሚል ነበር፣ አገር ምድሩ ጉድ አለ። ከዛ ወዲህ በየስብሰባው "ምን ሰራችሁ?" የሚባለው የመማር ማስተማር ምክትሉ ነው። መምህር አይቀጥርም፣ ተማሪ አይመርጥም፣ መጽሐፍ አያሳትም፣ ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው ሁኔታ ትምህርት ሲቆራረጥም እሱ አላቆራረጠውም። የሚችለው ቱቶሪያል ማዘጋጀት፣ ሞዴል ፈተና መስጠት፣ ምዝገባው ላይ የልጆቹ ስም ከሪከርድ ክፍሉ ጋር እንዳይጋጭ ማየት ነው። ስም ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ "ሀ" የተጻፈ "ኃ" ሆኖ መጥቶ ስንት ቀን የተንከራተተ ወላጅ አለ።

ጓደኛዬ እንግሊዝ አገር ነው የሚያስተምረው፣ ስናወራ ብዙ ጊዜ የኛንና የነሱን እናነጻጽራለን። እነሱ ጋ ከዳይሬክተሩ ስር ዴፑቲ ሄድና አሲስታንት ሄድ የሚባሉ አሉ፣ ዴፑቲው ዋናው ሲጎድል ሙሉ በሙሉ ተክቶ ይሰራል፣ አሲስታንቱ ደግሞ አንድ ዘርፍ ይሰጠዋል፣ በለው የተማሪ ባህሪ፣ በለው ምዘና፣ እሱን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም የአመራር ደሞዝ ስኬል ላይ ናቸው። እዛ ተራው መምህር በዓመት 195 ቀን፣ 1265 ሰዓት የሚል የስራ ገደብ አለው፣ አመራር ውስጥ ስትገባ ያ ገደብ ይነሳል፣ ማለትም ደሞዙ ሲጨምር ሰዓቱ አይቆጠርም። እኔን ያስቀናኝ ገንዘቡ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ያስቀናል)፣ የአሲስታንቱ ነገር ነው። የኛ ዩኒት ሊደር የሚሰራው ከአሲስታንት ሄድ ብዙም አይርቅም፣ ግን እዛ የአመራር አባል ነው፣ ማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ይወስናል፣ እዚህ ውሳኔው በር ላይ ቆሞ ይነገረዋል።

ስለ ሴቶችም አንድ ነገር ልበል፣ እኔም ስለሆንኩ። ሴት ትሾም ሲባል ቶሎ የሚገኘው ወንበር የጀንደር ክበብ ተጠሪነት ነው፣ ከዛ የሴት ተማሪዎች ዩኒት፣ ከዛ ደግሞ "አንቺ ንብረት ላይ ታማኝ ነሽ" ተብሎ የአስተዳደር ምክትልነት። የመማር ማስተማሩ፣ ወደ ዳይሬክተርነት የሚያስጠጋው፣ ብዙ ጊዜ ለወንዱ ይቀመጣል። ማንም በክፋት አይደለም የሚያደርገው፣ ልማድ ነው፣ ልማድ ስለሆነ ግን ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ እህቶቼ ምክትልነት ሲቀርብላችሁ "የትኛው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ጥያቄውን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሚታየውንም እዩ።

አሁን ወንበር ቀርቦለት ለሚያመነታ ሰው የምለው ይሄ ነው፣ እሺ ከማለትህ በፊት ሦስት አራት ነገር በወረቀት አስቀምጥ። ስንት ክፍለ ጊዜ ይቀነስልኛል? (በቃል የተቀነሰ ክፍለ ጊዜ ጥቅምት ላይ ይመለሳል።) ማኔጅመንት ስብሰባ እገባለሁ ወይስ ቃለ ጉባኤው ነው የሚነገረኝ? ዳይሬክተሩ ሲወጣ ማን ይወክላል፣ በደብዳቤ ነው ወይስ "እስክመጣ ያዘው" ተብሎ? ይሄ የመጨረሻው በጣም ወሳኝ ነው፣ "እስክመጣ ያዘው" ተብሎ የፈረመ ሰው ኦዲት ሲመጣ ብቻውን ነው የሚቀረው። ሌላው ደግሞ ከዳይሬክተሩ ጋር ቀድማችሁ ቁጭ ብላችሁ አውሩ፣ ተማሪ ፊት የወሰንከውን የሚሽር ዳይሬክተር ስር ዩኒት ሊደር አትሁን፣ አንዴ ከተሻረብህ በር ላይ ማንም አይሰማህም።

ምክትል የሆነ ሰው ደግሞ ሁሉንም ክፍል ለሌላ አስረክቦ ቢሮ ባይገባ ጥሩ ነው፣ አንድ ሴክሽን ይያዝ። እኔ አንድ የ11ኛ ክፍል ሴክሽን አልለቅም ብያለሁ፣ ስብሰባ ሲደራረብ ያስቸግራል፣ ቅዳሜ ገብቼ የማካክስበት ጊዜም አለ፣ ግን መምህራኑ "አንቺ ክፍል ገብተሽ ታውቂያለሽ ወይ" ሊሉኝ አይችሉም፣ መጽሐፍ አልደረሰም ሲሉኝም እኔ ክፍል ስንቱ ልጅ ለሁለት ለሦስት እንደሚጋራ አይቼ ነው የምመጣው።

አበሉስ ስንት ነው የምትሉኝ፣ ደሞዝ ላይ የሚጨመረውን ሰምታችሁ እንዳትወስኑ፣ የስልክ ካርዱንና የባጃጁን ቀንሱበት። ዩኒት ሊደር ከሆናችሁ ስልኩን ደግማችሁ ቀንሱት፣ ወላጅ ሁሉ ሚስድ ኮል ነው የሚያደርገው።